ተይዟል? አዎ፣ ተይዘሃል!

«አልሰማሁትም» አልክ? ድገመው እስቲ! እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ቡና ይዞ የቆመው ይስማ፣ ክሊቭላንድ ጎዳና ላይ መኪናውን አቁሞ የሚሳሳቀው ይስማ። «ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁትም።» ስልኩማ ጥሩ አድርጎ ጠርቷል። ያልጠራው ያንተ ነገር ነው!

እንቁጠር። ጣት አለህ፤ ቀዩን ስትነካበት አውቀንሃል። እዚህ አሜሪካ የደዋዩ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የጥሪ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ይጮኻል፣ አራት ሰከንድ ያርፋል። አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ። ከምር ያልሰማ ሰው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ዙር ይጠራና ወደ ቮይስሜይል ያልፋል። ስልኩን ያጠፋ ሰው ስልክ አንዴም አይጠራም፤ በቀጥታ ቮይስሜይል ነው። ያንተ ስንት ጠራ? አንድ ተኩል! አንድ ተኩል የሚጠራ ስልክ ከየት ገዛህ? ግማሿን ማን ዋጣት? አውራ ጣትህ!

ጎበዝ፣ ፍረዱ። ይህ ሰው ጥሪ ሲዘጋ ደዋዩ የማያውቅ ይመስለዋል። ጥሪው ተንኖ ሰማይ የሚገባ ይመስለዋል። ወንድሜ፣ አይተንም። መጀመሪያ ኔትወርኩ «የት ነህ?» ብሎ ስልክህን ፈለገው፤ ስልክህ በቅርቡ ባለው ታወር በኩል «አለሁ» አለ። ቀጥሎ «እየጠራሁ ነው» አለ። የደዋዩ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የተለቀቀው ይህን ጊዜ ነው። አንተ ጆሮህን ሳታቀና ስልክህ ምስክርነቱን ሰጥቶ ጨርሷል! ከዚያ ጣትህ መጣ። ስልክህ አንዲት አጭር መልእክት ላከ። በድሮው አሠራር በቁጥር ነው የምትላከው፤ 17 ከሆነች «ተይዟል»፣ 21 ከሆነች «ጥሪው ተከልክሏል»። ትልልቆቹ የአሜሪካ የስልክ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ዘግተው ከጨረሱ ወዲህ ድምፅህም በኢንተርኔት መንገድ ነው የሚሄደው፤ ቁጥሮቹም ተቀየሩ። 486 «ተይዟል»፣ 603 «እምቢ ብሏል»። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስትዘጋ የሚላክ «አልሰማም» የሚል ቁጥር የለም። ፈልገው፣ የለም!

አንተ «አልሰማሁም» ትላለህ፣ ስልክህ «ተይዟል» ይላል። ሁለት ቃል ከአንድ ኪስ! ከገዛ ኪስህ ጋር ሳትስማማ እኛን ልታሳምን መጣህ? እኔ ስልኩን አምነዋለሁ። ተይዟል ካለ፣ ተይዘሃል!

«ባትሪ ዘግቶብኝ ነው» ደግሞ አለች፣ ታናሽ እህቷ። ባትሪ የጨረሰ ስልክ ለታወር መልስ አይሰጥም። መልስ ካልሰጠ ለደዋዩ አይጠራም። ያንተ ስልክ እንግዲህ ሞቶ ጮኸ! ሞቶ የሚጮኽ ነገር ከያዝክ ጠጋኝ ቤት አትውሰደው፣ ጠበል ውሰደው። ደግሞ በዚያችው ደቂቃ እድሩ ቴሌግራም ላይ አውራ ጣት ልከሃል፤ ሁላችንም አይተናታል። ባትሪው ለጣት በቅቶ ለጆሮ አነሰ?

«ኔትወርክ አልነበረም።» በ270 ቀለበት መንገድ ውስጥ እየኖርክ? ይህቺን ሰበብ ለሀገር ቤት ሰው መልስለት፤ እሱ ሲናገራት እውነቱን ነው። አንተ ጋ የጠፋው ኔትወርክ ሳይሆን ሰው ነው።

«በስህተት ነካሁት።» ይህቺን ወደድኳት፣ እጇን ይዤ ላሳልፋት። የያዝከው አይፎን ነው አይደል? ቆልፈኸው ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው፣ ጥሪ ሲመጣ ቀዩ ምልክት ጭራሹን አይወጣልህም። ለማንሳት የሚንሸራተተው ብቻ ነው የሚታይህ። የተቆለፈ አይፎን ላይ ጥሪ ለመዝጋት የጎኑን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን አለብህ። ሁለት ጊዜ! አንዴ ቢሆን ስህተት ነው እንልህ ነበር። ሁለተኛዋንስ ማን ጫናት? ስህተት ሁለቴ አይቆጥርም፤ የሚቆጥር ባለቤቱ ነው።

«እየነዳሁ ነበር።» ዞር በሉ፣ ሕግ አዋቂ መጣ! ና፣ በሕግ እንነጋገር። የኦሃዮ ገዥ ማይክ ዲዋይን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 የፈረሙት የሴኔት ሕግ ቁጥር 288 ኤፕሪል 4 ላይ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ኪስ ገባ። ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 150 ዶላርና መንጃ ፈቃድህ ላይ 2 ነጥብ። ከተደጋገመ 250፣ ከዚያም 500። እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መነካካት በኦሃዮ ክልክል ነው፤ በጣም ጥሩ ሕግ ነው፣ ነፍስ ያተርፋል። ግን ሕጉ አንዲት በር ትቷል። ጎልማሳ ሾፌር በአንድ ንክኪ ወይም በአንድ ማንሸራተት ጥሪ መጀመርና መጨረስ ይችላል። እንግዲህ አረንጓዴዋም አንድ ንክኪ፣ ቀይዋም አንድ ንክኪ። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው! ሰው መንገድ ላይ ቀይ ሲያይ ይቆማል፤ አንተ ቀይ ስታይ ትፈጥናለህ።

ልንገርህ፣ እየነዳህ ብትዘጋብኝ ቅር አይለኝም። 71 አውራ ጎዳና ላይ በረዶ እየጣለ፣ ከኋላህ ትልቅ ከባድ መኪና እያናፈሰ ሳለህ ብደውል ዝጋው! ግንባሬ ላይ ዝጋው! ግን ማታ ሳገኝህ «እየነዳሁ ስለነበር ዘጋሁት» በል። ለዚህ ሰው አፌን አልከፍትም። «አልሰማሁም» ካልከኝ ግን ፖሊስ ያልያዘብህን ነጥብ እኔ እይዝብሃለሁ።

«የማላውቀው ቁጥር አላነሳም።» እዚህ ላይ ትንሽ ልደግፍህ ነው፤ ተመልካች አይደንግጥ። «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» እያሉ የሚደውሉትን ማሽኖች ማን ይረሳቸዋል? አንዱ ቡድን ብቻ እ.ኤ.አ. በ2021 በሦስት ወር ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ ጥሪ ከ500 ሚሊዮን በላይ ወደሆኑ ቁጥሮች ለቀቀ። የኦሃዮ ዋና ዐቃቤ ሕግ ዴቭ ዮስት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 እዚሁ ኦሃዮ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሷቸው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጣለባቸው። እነዚህን ዝጋ! ደርበህ ዝጋ! እኔ ግን የመኪና ዋስትና ሸጬልህ አላውቅም። እኔ ስደውል ስሜ ከነፎቶዬ፣ ፎቶዬ ከነጥርሴ ነው የሚመጣልህ። ሌቦቹ ደግሞ የሰፈራችንን የ614 ቁጥር ለብሰው ይደውሉልሃል። ጎረቤት የመሰለውን ሌባ «ሄሎ» አልከው፤ እውነተኛውን ጎረቤት ዘጋኸው!

ይባስ ብሎ፣ ስልኬን ማንሳት የከበደህ ሰውዬ ማታ ቡና ላይ ስሜን አነሳህ አሉ። ስሜ ከስልኬ ቀለለህ? የስሜን ሩብ ያህል ስልኬን ብታነሳ ኖሮ ወሬውን ከባለቤቱ በነጻ ትሰማው ነበር።

ሲጠሩህ አቤት፣ ሲልኩህ ወዴት ተብለህ ያደግክ ልጅ ነህ። ኮሎምበስ ገባህና ሲጠሩህ ሪጀክት፣ ሲልኩህ ዴሊት ሆነ!

ያቺንስ ቀፎ በስንት ዶላር ነው የገዛሃት? ቀፎ ሲባል ንብ ይገባበታል፣ ማር ይወጣበታል። ባንተ ቀፎ የሚገባው ጥሪ፣ የሚወጣው ሰበብ! ንቡ ሁሉ በር ላይ ቀረ እኮ።

የምትኖርበትንስ ግዛት ታውቀዋለህ? ኤሊሻ ግሬይ የኦሃዮ ሰው ነው፣ ባርንስቪል የተወለደ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1876 እሱና አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአንዲት ቀን ስለ ስልክ ፈጠራቸው ዋሽንግተን ወረቀት አስገቡ። ፓተንቱን ቤል ወሰደው። የኦሃዮ ሰው ስልክ አመለጠው ተብሎ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል። እሱን ያመለጠው አንዴ ነው! አንተን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያመልጥህ? በሀገራችንም በምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘርግቷል። ስልክ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ሲገባ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የፈሩ እንደነበሩ ይነገራል። እነሱስ ምክንያት ነበራቸው፤ ሰውዬው ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። አንተ የሰውዬውን ስም፣ መልክና ሀገር ስክሪን ላይ እያየህ ምንድን ነው የምትፈራው?

«እሺ፣ ዘጋሁ! ታዲያ ማንን ጎዳሁ? ያልተነሳ ስልክ ሂሳብ አይቆጥርም።»

አሁን ገና መጣህ! ሰው ሁሉ ይቅረብ፤ ሕፃን ያዘለችም ትቅረብ። እኔ ይህን አፍ ስጠብቅ ነው የቆየሁት።

እናትህ ደብረ ማርቆስ ናቸው እንበል። ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘዋል፣ ካርድ ሞልተዋል። ወደ አሜሪካ በቀጥታ መስመር ማውራት ካርድ ይበላል፤ ያውቁታል። ስለዚህ ሀገር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አላቸው፣ ሚስኮል። ሁለቴ ያስጠሩና ይዘጋሉ። ልጄ ቁጥሬን አይቶ መልሶ ይደውላል ብለው ነው። ሳይነሳ ስለሚዘጉት አንዲት ሳንቲም አይቆጥርም። ይህ በእናትና በልጅ መካከል ያለ ውል ነው። ማኅተም የለበትም፣ ጠበቃ አላየውም፣ ግን ስንት ዓመት ሠርቷል!

ይህን ውል ነው በአንድ ጣት የቀደድከው! እንዴት? አድምጥ። ዝም ብትለው ኖሮ እሳቸው ሁለቴ አስጠርተው ይዘጉ ነበር። አንተ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ቀዩን ነካህ። ስልክህ «ተይዟል» አለ። ያንተ ድርጅት ኔትወርክ ደግሞ «ሲያዝ ወደ ቮይስሜይል አዙር» የሚል ትእዛዝ አለው፤ መስመሩን ስትከፍት አብሮ የተሰጠህ ነው። አዞረው። ቮይስሜይል ካንተ ይሻላል፣ ያነሳል! ሲነሳ ምን ይሆናል? ሂሳብ ይጀምራል! የሀገር ቤቱ ቆጣሪ ልጅ አነሳ፣ ማሽን አነሳ ብሎ አይለይም። ተነስቷል? ተነስቷል። ቁጠር! እናትህ ጣታቸውን ወደ መዝጊያው ሳያደርሱ አንተ ቀድመህ አስቆጠርክባቸው። ሳታነሳ አስከፈልካቸው! ገበያ ላይ ያለ ቀማኛ እንኳ ቢያንስ እጁን ወደ መቀነት ይልካል፤ አንተ ካሉበት ሳትደርስ ከኦሃዮ ሆነህ ፈታኸው።

ማንንስ ነው ያነጋገሩት? አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታወራለች። እናትህ ጨዋ ናቸው፣ ሰላምታ አይነፍጉም። «እንደምን ዋልሽ ልጄ?» ይላሉ። ሴትዮዋ ወሬዋን አታቋርጥም። «ልጄ አለ?» ወሬ። «ደህና ነው? በልቷል?» ፒፕ! ከፒፕ በኋላ ዝምታ ሆነ። ዝም ሲል እናት ምን ያደርጋሉ? አልተሰማሁም ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ኧረ ልጄን አቅርቢልኝ!» ካርዱም ይሄዳል፣ ድምፃቸውም ይሄዳል፣ ላንተ ግን የሚደርስህ አንዲት ቀይ ነጥብ ናት። እሷንም አትከፍታትም። ቮይስሜይል ማዳመጥ ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው?

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሴትዮዋ «ሳጥኑ ሞልቷል» ትላለች። ያንተ ሳጥን ሞላ፣ የሳቸው ካርድ ባዶ ሆነ! ሰው ለእናቱ ካርድ ይሞላል እንጂ በእናቱ ካርድ ሳጥን ይሞላል?

«ለምን በዋትስአፕ አይደውሉም?» ትላለህ ደግሞ። በባለ ቁልፍ ስልክ? እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘጋ የት ነበርክ? ለስንት ቤት የቀረው መንገድ ያ ተራ የድምፅ ጥሪ ብቻ ነበር። ጎጃምና ጎንደር ያለ ሰው ልጁን የሚያገኝባት አንዲት ክር። ያቺን ክር ነው «ቢዚ ነኝ» እያልክ የበጠስካት። ቢዚ! ቲክቶክ ላይቭ ላይ የሁለት ሰው ጭቅጭቅ እስኪያልቅ የተቀመጥክ ሰው ቢዚ! የሰው ጠብ ለመስማት ጊዜ አለህ፣ የእናትህን ሰላምታ ለመስማት ግን ተይዘሃል።

ሌላ ልንገርህ፣ ቁም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የኢትዮጵያና የኤርትራ የስልክ መስመር ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተከፈተ። ሰው ምን አደረገ መሰለህ? በዘፈቀደ ቁጥር መታ! አስመራ ያለ የማያውቀውን ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ደውሎ «ሰላም ነህ?» አለው። የተደወለለትም አነሳ! «ማነህ?» ከማለቱ በፊት ደስ አለው። የማያውቀውን ሰው ድምፅ ለመስማት ሃያ ዓመት የተራበ ሰው ነው። አንተ ጋ የሚደውለው የአክስትህ ልጅ ነው! ስሙን ታውቃለህ፣ ልጆቹን ታውቃለህ፣ መጋዘን ሥራ የገባህ እሱ ፎርሙን ሞልቶልህ ነው። ዘጋኸው! የዚያን ሳምንት አስመራ ብትሆን ኖሮ በመስመሩ ላይ የሚገኘው ብቸኛው «ተይዟል» አንተ ነበርክ።

«ሌሊት ይደውላሉ!» አሃ፣ ሰዓት መጣ። ሀገር ቤት ያሉት አክስትህ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን በአሜሪካ በጋ አንተ ጋ ሌሊት 9 ነው። ሰባት ሰዓት ልዩነት፤ በክረምት በረዶው ሲገባ ስምንት። አክስትህ በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚያዞር ሀገር አይተው አያውቁም፤ የኛ ፀሐይ በሰዓቷ ወጥታ በሰዓቷ ነው የምትገባው። ልክ ነህ፣ እንቅልፍህ ይከበር። ሌሊቱን በመጋዘን ሣጥን ሲያነሳ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ላይ የሚደውል ሁሉ ከኔ ጋር ይጣላል። ግን ለዚህ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ቁልፉን መዳበስ የለብህም! ስልክህ «አትረብሹኝ» የሚል ቦታ አለው። የምትወዳቸውን ሰዎች ስም ታስገባለህ፣ እነሱ ያልፋሉ፣ ሌላው ዝም ይላል። አይፎን ላይ ደግሞ ያው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ እንዲያልፍ ማድረግ ትችላለህ፤ ቸኩሎ የሚፈልግህ ሰው አንዴ ደውሎ አይተኛምና። ስልክህ ካንተ በላይ አስቦልሃል፤ ለመጠቀም ግን ሴቲንግ መክፈት ይፈልጋል። ሴቲንግ ከፍተህ የምታውቀው የስክሪንህን ፎቶ ለመቀየር ብቻ ነው!

ቅዳሴ ላይ ነበርኩ የምትለዋን አልነካትም። ቅዳሴ ላይ ስልክ ይዘጋል። ግን ቅዳሴ ላይ ቆመህ ማን እንደደወለ በምን አየህ?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ተመልካች ሆይ፣ ሰምታችኋል! መልስ ሲያልቅበት ጥያቄ ጀመረ። ይሁን፣ ጠሪ አክባሪ ነው፣ ጠያቂም እንደዚያው፤ እመልሳለሁ። የአይፎንህን የጎን ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫን። አንዴ! ድምፁ ይጠፋል፣ ጥሪው ግን ለደዋዩ መጥራቱን ይቀጥላል። አንድሮይድ ከሆነ የድምፅ መቀነሻውን ንካ፤ ዝም ይላል። ስብሰባው አይረበሽም፣ አለቃህ አይገላምጥህም፣ እናትህ ሁለቴ አስጠርተው በሰላም ይዘጋሉ፣ ካርዱ ባለበት ይኖራል። ከዚያ አንተ ትደውላለህ። ያንተ ጥቅል አለው፣ ያንተ አፕ አለው፣ ያንተ ዶላር ነው። አንድ መጫን ውሉን ይጠብቃል፣ ሁለት መጫን ውሉን ይቀድዳል። ከአንድ እስከ ሁለት መቁጠር ያቃተህ ሰው አይደለህም መቼም፤ ደሞዝህን ስትቆጥር አይቼሃለሁ።

መዝጋት ካለብህም ዝጋና መልእክት ላክ። ጥሪው ሲመጣ በጽሑፍ መልስ የምትል ቦታ አለች። የተዘጋጁት ዓረፍተ ነገሮች እንግሊዝኛ ናቸው፤ ግን ገብተህ የራስህን መጻፍ ትችላለህ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እደውላለሁ» ብለህ በአማርኛ አንዴ ጻፋት፤ ከዚያ ሁልጊዜ በንክኪ ትሄዳለች። ቮይስሜይሉንም የማታዳምጠው ከሆነ ለምን ታስቀምጠዋለህ? በጂ.ኤስ.ኤም. ደንብ ##67# ብለህ ከደወልክ «ሲያዝ ወደ ሌላ አዙር» የሚለው ትእዛዝ ይሰረዛል። ድርጅትህ ይህን ኮድ ካልተቀበለ ደውለህ «አጥፉልኝ» በላቸው። እነሱ ያነሳሉ! ሥራቸው ነው።

አሁን ሂድና ደውል። ሁለተኛው ሺፍት ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲለቅህ በአሜሪካ በጋ ደብረ ማርቆስ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ እናትህ ተነስተዋል። ግን ሳላስጠነቅቅህ አልሰድህም፣ አንድ ነገር ጠብቅ። እሳቸው ስልክህን ሁልጊዜ የምታነሳውን ሴት ማሽን ናት ብለው አላሰቡም። ሌሊት ቢደውሉ እሷ ናት፣ ቀን ቢደውሉ እሷ ናት። አንድ ቤት ካልኖረች ሌሊት ስልክህን እንዴት ታነሳለች? ይህንን ለጎረቤት ነግረዋል። ጎረቤት ለማኅበሩ ነግሯል። ማኅበሩ መክሯል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሆኗ ትንሽ አሳስቧቸው ነበር፤ ግን ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ ተቆጥታ አታውቅም፣ የቤት ልጅ ናት ብለው ተቀብለዋታል። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተሰጥቷል፣ ሙሽሪትን መቼ እንደምታመጣት ብቻ ነው የሚጠብቁት። በል ሙሽራው፣ አስረዳ!